«ትንሽ ነው የቀረው!»

ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ ደወለና «ስሚ፣ ቅዳሜ የረር ልንወጣ ነው፣ ትመጪያለሽ?» አለኝ። የረር ማለት ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ቀና ስትሉ የምታዩት፣ ከፍታው ወደ 3,100 ሜትር የሚጠጋ ተራራ ነው። «ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትመለሱት?» ብዬ ጠየቅኩት። ትንሽ ዝም አለና ሳቀ። «ገና ሳንሄድ ስለ መመለስ? አንቺ ደግሞ አረጀሽ!»

ይቺ ጽሑፍ ለእሱ የምሰጠው መልስ ናት። ስልክ ላይ ልነግረው ብሞክር ካርዴ ያልቅ ነበር።

የምለው ነገር አጭር ነው። እኛ ልጆች ተራራ ለመውጣት ስናቅድ የምናቅደው መውጣቱን ብቻ ነው። ጫማ እንገዛለን፣ ቲሸርት እናሳትማለን፣ ሙዚቃ እንጭናለን፣ ማን ምን ይዞ እንደሚመጣ በግሩፕ ቻት እንከራከራለን። የትም እንሁን የት፣ ስንት ሰዓት ሲሆን ፊታችንን እንደምናዞር ግን ማንም አይጽፍም። እኔ ደግሞ የመመለሻ ሰዓት ያልተጻፈበት ዕቅድ ዕቅድ ሳይሆን ምኞት ነው ባይ ነኝ። ይህንን ከመጽሐፍ ተምሬው ቢሆን ደስ ባለኝ ነበር።

ፎቶዋ

ፌስቡኬን የምታውቁ ፎቶዋን አይታችኋታል። ታኅሣሥ 2011 ዓ.ም.፣ ራስ ደጀን ጫፍ ላይ፣ አምስት ልጆች ባንዲራ ይዘን፣ ከኋላችን ሰማይ ብቻ። ከሥሯ «ተስፋ አለመቁረጥ ማለት ይሄ ነው» ብዬ ጽፌባታለሁ። ላይክ ዘነበላት። አክስቴ ሳትቀር «የኔ ጀግና» ብላኛለች። ለሦስት ዓመት ያህል ከፕሮፋይሌ ላይ አላነሳኋትም።

ፎቶዋ ላይ የማይታየው ሰዓቷ ነው። ስልኩ የመዘገበው ከቀኑ 8 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ይላል። ተራራ የሚያውቅ ሰው ይህንን ሰዓት ቢሰማ «ጀግና» አይልም። «ከዚያስ? እንዴት ወረዳችሁ?» ነው የሚለው። እስከዛሬ ማንም አልጠየቀኝም። ስለዚህ ሳትጠይቁኝ ልንገራችሁ።

ራስ ደጀንን አንዳንዱ ራስ ዳሸን ይለዋል፤ ቢራውም ባንኩም ስማቸውን ያገኙት ከእሱ ነው። ትምህርት ቤት ሳለን 4,620 ሜትር ብለን ሸምድደነዋል። በኋላ የመጡት ልኬቶች ግን ወደ 4,550 ሜትር አካባቢ ያወርዱታል። ሰባ ሜትር ቢቀነስበትም ከኢትዮጵያ አንደኛነቱን የሚነጥቀው የለም። ፈረንጆቹ መጀመሪያ ወጡ ብለው የሚመዘግቧቸው ፌሬ እና ጋሊኒዬ የሚባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖችን ነው፤ ዘመኑም 1841 እ.ኤ.አ. ነው። የአካባቢው እረኛ ከእነሱ በፊት ስንት ጊዜ እንደወጣ የመዘገበለት የለም።

በእግር ለሚሄድ ሰው መንገዱ እንዲህ ነው። ከጎንደር ደባርቅ በመኪና። ከደባርቅ ሳንቃ በር (3,250 ሜትር ገደማ)፣ ከዚያ ግጭ፣ ከዚያ ጨነቅ (ሁለቱም 3,600 ሜትር አካባቢ)። ከጨነቅ ወደ 4,200 ሜትር የሚደርሰውን የቧሂትን ማለፊያ ተሻግራችሁ፣ 2,800 ሜትር ላይ ወዳለው የመሸሃ ወንዝ ትወርዱና እንደገና ወደ አምቢቆ መንደር (3,200 ሜትር) ትወጣላችሁ። ከአምቢቆ ራስ ደጀን ደርሶ መልስ የአንድ ቀን ጉዞ ነው። ቀን ስላችሁ ግን የእሑድ ሽርሽር እንዳይመስላችሁ። ከ8 እስከ 10 ሰዓት የሚፈጅ፣ ከ1,300 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥታችሁ ያንኑ ቁልቁል የምትወርዱበት ቀን ነው።

አምስት ነበርን። ስማቸውን አልጠራም፣ ይጣሉኛል። ሯጩ (በየዓመቱ ታላቁ ሩጫ የማይቀርበት)፣ ጿሚው (ጾመ ነቢያት ስለነበር)፣ ካሜራማኑ፣ ዝምተኛዋ እና እኔ። ከእኛ ጋር ወጣት አስጎብኚያችን እና አንድ ስካውት ነበሩ። ስካውቱ ዕድሜያቸው ስድሳን የዘለለ የሚመስሉ፣ ኮንጎ ጫማ የተጫሙ፣ ጋቢያቸውን የተከናነቡ፣ ክላሻቸውን በትከሻቸው ያጋደሙ አባት ናቸው። የእኔ ጫማ ከውጭ አገር የመጣ፣ ውኃ የማያስገባ ነው። ማን ቀድሞ ያዳልጠው እንደነበር ልነግራችሁ አልፈልግም።

ቀኗ እንዴት ሄደች?

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ልንነሣ ተቀጣጥረን ነበር። የሐበሻ ቀጠሮ መቼም አምቢቆም ድረስ ይከተላል። አንዱ ካልሲው ጠፋ፣ አንዱ ሻይ ካልጠጣሁ አለ፣ ካሜራማኑ ባትሪ ሲቀይር፣ እኔ ፀጉሬን ስጠቀልል፣ የተነሣነው 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል! ከተማ ውስጥ ሁለት ሰዓት ተኩል ማለት አንድ ፊልም ማለት ነው። ተራራ ላይ ግን ከማታው ላይ የተቆረጠ ነው፤ የምንከፍለው ጠዋት ሳይሆን ማታ ነው። እኛ ግን በሰዓቱ ሳቅንበት።

6 ሰዓት ሲሆን ከጫፉ በታች ያለ ነፋሻ ወገብ ላይ ነበርን። ዙሪያችንን ጅብራ ተገትሯል፤ እኛም እንደ ጅብራ ተገትረን ትንፋሻችንን እንፈልጋለን። ሯጩ ራሱን ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጿሚው ከጠዋት ጀምሮ ውኃ አልቀመሰም። ስካውቱ ፀሐይዋን ቀና ብለው አዩና «ልጆቼ፣ ቀኑ ዘምበል ብሏል። እንመለስ» አሉ።

አስጎብኚያችንን «ስንት ይቀራል?» አልነው። «ቅርብ ነው» አለን። የገጠር «ቅርብ ነው» ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። እሱም ክፋት የለበትም፤ ለእሱ እውነትም ቅርብ ነው። ከዚህ ሁሉ አገር የመጡ ልጆችን ማሳዘንም አልፈለገም።

እና እዚያ ቦታ ላይ፣ ሁሉም እርስ በርሱ በሚተያይባት ቅጽበት፣ «ኧረ ትንሽ ነው የቀረው! እዚህ ድረስ መጥተንማ አንመለስም!» ያለችው ልጅ እኔ ነኝ።

ትንሽ አልነበረም የቀረው። ራስ ደጀን ጫፍ የሚመስሉ ብዙ ጫፎች አሉት፤ አንዱ ላይ ስትደርሱ ሌላው ከኋላው ብቅ ይላል። የመጨረሻዋ ቁራጭ ደግሞ እጅ የምታስይዝ ድንጋይ ናት። ስንደርስ 8 ሰዓት ከ40። ባንዲራ፣ ጩኸት፣ ፎቶ። መውረድ ስንጀምር 9 ሰዓት ከሩብ።

አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ናትና ምሽቱ ረጅም አይደለም። በታኅሣሥ እዚያ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጨለማ ይውጣችኋል። አምስት ልጆች አንድ የእጅ ባትሪ ነበረን። በስልካችን መብራት ተማምነን ነበር፤ ብርድ የስልክ ባትሪን እንዴት እንደሚበላ ያን ማታ ተማርን። ጿሚው እግሩ ድንጋይ መሐል ሲገባ የሰማሁትን ድምፅ አሁንም እሰማዋለሁ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር ይመስላል።

አምቢቆ የገባነው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ስካውቱና አስጎብኚው ተራ በተራ ደግፈውት። ስካውቱ ጋቢያቸውን ለእሱ አልብሰው በሸሚዝና በአሮጌ ኮት ነበር የወረዱት። ሲንቀጠቀጡ አይቻለሁ፤ አንዲት ቃል አልተናገሩኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሄሊኮፕተር የሚመጣ መስሏችሁ ከሆነ አይመጣም። በማግሥቱ በበቅሎ ጭነነው ወደ መሸሃ ወረድን፣ ከመሸሃ የቧሂትን አቀበት ወጣን። ቁርጭምጭሚቱ መሰንጠቁን ያወቅነው ጎንደር ገብቶ ራጅ ሲነሣ ነው። ዛሬም ክረምት ሲገባ ያመዋል። ፎቶዋ ላይ ከሁላችንም በላይ የሚስቀው እሱ ነው።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም

የሚያናድደኝ ነገር ይህ ሁሉ በአንድ ወረቀትና በአንድ እርሳስ የሚታወቅ መሆኑ ነው። ወደኋላ መቁጠር ብቻ ነበር የሚጠበቅብን።

12 ሰዓት ላይ ፀሐይ ትጠልቃለች። የሆነ ነገር ቢበላሽ ብለን አንድ ሰዓት መጠባበቂያ እንያዝ፤ ስለዚህ ካምፕ የምንገባው 11 ሰዓት ነው። መውረዱ 4 ሰዓት ቢወስድ 7 ሰዓት ላይ ደረስን። ለደከመ ሰው አንድ ሰዓት እንጨምር፤ 6 ሰዓት። አለቀ። 6 ሰዓት ሲሆን ጫፉ ላይም እንሁን፣ ጫፉ በእጃችን ሊነካ ይድረስ፣ ፊታችንን እናዞራለን። ስካውቱ ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ ያሉት ይህንኑ ነበር።

የመውጫውን ለማስላትም የቆየ ዘዴ አለ። ዊሊያም ኔስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። በግርድፉ፣ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት ያዙ፤ ለየ600 ሜትር ከፍታ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ጨምሩ። ከአምቢቆ እስከ ጫፉ ያለው ከፍታ ብቻ ከርቀቱ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ ይጨምራል ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ስሌት የወጣው ለስኮትላንድ ነው። የስኮትላንድ ረጅሙ ተራራ ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ነው። መርካቶ ቆመን ቁልቁል እናየው ነበር! ስለዚህ የእሱን ስሌት 4,000 ሜትር ላይ ስትጠቀሙ ከላዩ ላይ ጨመር አድርጉበት፤ አየሩ ሌላ ነውና።

ስለ አየሩ ካነሳን፣ የአዲስ አበባ ልጅ «እኛማ ከፍታ ለምደናል» ማለት ይወዳል። በመጠኑ እውነት ነው፤ ከባሕር ጠረፍ ከመጣ ሰው እንሻላለን። ነገር ግን ራስ ደጀን ጫፍ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከምትስቡት ኦክስጅን አንድ አራተኛው እዚያ የለም። ጉልበትም አያድናችሁም። የከፍታ ሕመም ሯጭና ቁጭ ባይ አይለይም፤ እንዲያውም ጉልበት ያለው ሰው ፈጥኖ ስለሚወጣ ቀድሞ ሊታመም ይችላል። የእኛን ሯጭ አስታውሱት።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣት ምልክቶቹ ናቸው። እነዚህ ከታዩ ወደላይ መቀጠል የለም። ሰውየው እንደሰከረ ሰው ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተምታታ ደግሞ «ትንሽ ይረፍ» አይባልም፤ ወዲያውኑ መውረድ ነው። መሬት ላይ መስመር አስምራችሁ ተረከዝ ከጣት እያስነካ እንዲራመድ ጠይቁት፤ ቀጥ ብሎ መሄድ ካቃተው መልሱን አገኛችሁ። ከ3,000 ሜትር በላይ ደግሞ የምታድሩበትን ቦታ በየቀኑ ከ500 ሜትር በላይ አለማሳደግ ይመከራል። በሳንቃ በርና በግጭ በኩል በእግር የሚሄድ ሰው ይህንን ሳያውቀውም ይጠብቀዋል። መኪና ተከራይቶ በአንድ ቀን ጨነቅ የሚደርሰው ነው አደጋው።

ሌላው ቀርቶ ይህ ቀጭን አየር የሚነካው ሳንባን ብቻ አይደለም፤ ማሰቢያንም ነው። ለዚህ ነው የመመለሻው ሰዓት ቤት ውስጥ፣ ቡና እየተጠጣ መወሰን ያለበት። ተራራው ላይ የደከመ፣ የበረደው፣ የተራበ፣ ጓደኞቹ ፊት ማፈር የማይፈልግ ሰው የሚወስነው ውሳኔ የእሱ አይደለም። እኔ ያን ቀን 6 ሰዓት ላይ ደደብ አልነበርኩም። ደክሞኝ ነበር፤ ተስፋ አለመቁረጥ ደግሞ ጥሩ ነገር ነው ተብዬ ነው ያደግኩት።

ይህ የእኛ ብቻ በሽታም አይደለም። ግንቦት 10 ቀን 1996 እ.ኤ.አ. ኤቨረስት ላይ ልምድ ባላቸው አስጎብኚዎች የሚመሩ ሰዎች ከመመለሻ ሰዓታቸው አልፈው ወደ ጫፉ መውጣታቸውን ቀጠሉ። ማታ ማዕበል መጣ። ስምንት ሰዎች ሞቱ፤ ከእነሱ መካከል ሁለቱ የቡድን መሪዎች ነበሩ። ሰዓቱን የማያውቅ አልነበረም። ጫፉ ቅርብ ስለነበረ ነው።

«ይሄማ የፈረንጅ ነገር ነው»

ይህንን ስናገር ሁለት መልስ ይሰጠኛል።

የመጀመሪያው «ይሄማ ጀብዱውን ይገድለዋል» የሚል ነው። ሁሉ ነገር በሰዓትና በወረቀት ከሆነ ምኑን ተራራ ወጣን? እውነት ለመናገር እኔም የምወጣው ከፕሮግራም ለማምለጥ ነው። ግን አስቡት፤ ያን ቀን የመመለሻ ሰዓት ኖሮን ቢሆን ኖሮ ከ6 ሰዓት በኋላ ያለው መንገድ በሙሉ የእኛ ነበር። ስንወርድ ጭላዳውን፣ ጓሳ ሣሩን፣ ከታች የተንጣለለውን ገደል እያየን እንወርድ ነበር። እኛ ግን ስንወርድ ያየነው የፊት የፊታችንን ሰው ተረከዝ ነው። ጀብዱ ማለት ይሄ ከሆነ ለሚፈልገው ልስጠው።

ሁለተኛው ደግሞ «የፈረንጅ ነገር ነው፣ እኛ በእግዜር ነው የምንሄደው» የሚለው ነው። ይሄኛው ይበልጥ ያስቀኛል። የዚህች አገር መንገደኛ መቼ ነው ስለ ምሽት ሳያስብ የተጓዘው? ሲራራ ነጋዴው ከመነሻው በፊት የሚያድርበትን ያውቅ ነበር። መንገደኛ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መንደር ፈልጎ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ብሎ ደጅ ይቆማል እንጂ «ትንሽ ነው የቀረኝ» ብሎ ገደል ለገደል አይሄድም። እግዜርን ያውቃል፤ ጅብንም ያውቃል። የመመለሻ ሰዓትን የረሳነው እኛ የመብራትና የታክሲ ልጆች ነን፤ ለእኛ መሸ ማለት ላምባዲና ተቀየረ ማለት ነውና።

ስለ ጾምም አንድ ነገር ልበል፣ በጥንቃቄ። ጓደኛዬ የወደቀው ስለጾመ ነው አልልም። ጨለማ ውስጥ ማንም ይወድቃል። ነገር ግን ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ውኃ ሳይቀምስ 1,300 ሜትር የወጣ ሰው እግሩ እንደሌላው አይታዘዘውም። መጾሙ የእሱ ጉዳይ ነው። ጥፋቱ እኛ ዕቅድ ስናወጣ አለመጠየቃችን ነው። ጠይቀን ቢሆን ወይ ቀኑን እናዞረው ነበር፣ ወይ እሱ ንስሐ አባቱን ያማክር ነበር። በዓመታችን ውስጥ ስንት የጾም ቀን እንዳለ እያወቅን፣ ረመዳንም እየመጣ፣ የጉዞ ቀን ስንቆርጥ ካላንደር የማናየው ለምንድን ነው?

የእኔ ወረቀት

ከዚያ ወዲህ ተራራ መውጣት አላቆምኩም። አሁን ግን ወረቀት አለችኝ፤ ከጉዞው በፊት ባለው ሐሙስ እጽፋታለሁ።

ከሁሉ በላይ፣ በትልቁ፣ የመመለሻ ሰዓቱ ይሰፍራል። ከሥሩ የሚወስነው ሰው። ድምፅ አይሰጥበትም። አንድ ሰው፣ ሁላችንም ሳንደክም የመረጥነው፣ «በቃ» ሲል በቃ ነው። በተለይ ደግሞ ያ ሰው እኔ እንዳልሆን እጠይቃለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

ቀጥሎ የአየሩ ነገር። የሚነፍስ ጫፍ ላይ መደበቂያ የለም። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይወርዳል፤ ከአምቢቆ እስከ ጫፉ ብትቆጥሩት ዘጠኝ ዲግሪ ገደማ ነው፣ ነፋሱን ሳንጨምር። ስለዚህ ሲነሡ የማያስፈልግ የሚመስል ጃኬት ይያዛል። በክረምት ደግሞ መብረቅ አለ፤ ከሰዓት በኋላ ደመና ሲከመር ራቁቱን የቆመ ጫፍ ላይ ረጅሙ ነገር እናንተ ናችሁ። ብልጭታውን አይታችሁ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሩ፤ 3 ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ሠላሳ ሳይሞላ ከተሰማ ዝቅ ወዳለ ቦታ መውረድ ነው። ዛፍ ሥር መጠለል ግን የለም።

ከዚያ ዕቃው። ለእያንዳንዱ ሰው የእጅ ባትሪ፣ ቢቻል በግንባር የሚታሰር። ሦስት ሊትር ውኃ። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። ቺፕስና ለስላሳ ተሸክሞ ተራራ የሚወጣ የከተማ ልጅ ሳይ ያመኛል፤ አያቶቻችን ለመንገድ የተሠራ ምግብ ትተውልን እኮ ነው። ፋሻና የሕመም ማስታገሻ። ኮፍያ፣ ፀሐይዋ ከፍታ ላይ ትብሳለችና።

ከዚያ መንገዱ ራሱ። በ2011 ዓ.ም. ደባርቅ ለመሄድ ቲኬት መቁረጥ በቂ ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ግን ስሜንን የሚያስብ ሰው ስለ ጫማ ከመጠየቁ በፊት ስለ መንገዱ መጠየቅ አለበት፤ የሚጠየቁትም እዚያው የሚኖሩት ናቸው። እነሱ «አሁን አይሆንም» ካሉ አይሆንም። ይህም ራሱ የመመለሻ ሰዓት ነው፤ ከቤት ሳይወጡ የሚደርስ።

በመጨረሻ፣ የምንቀርበት ከሆነ ማን እንደሚፈልገን። የወረቀቷ ቅጂ አዲስ አበባ ለሚቀር ሰው ይላካል። የት እንደምንወጣ፣ በየት እንደምንወርድ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደምንደውል፣ ካልደወልን ለማን እንደሚደወል።

አንድ ነገር ግን ወረቀቷ ላይ አይጻፍም፤ ለአስጎብኚውና ለስካውቱ ከመነሣታችን በፊት በአፍ እነግራቸዋለሁ። «ጫፉ ላይ ብታደርሱንም ባታደርሱንም ጉርሻችሁ ያው ነው። ተመለሱ ካላችሁን እንመለሳለን።» ያን ቀን ይህችን ተናግረን ቢሆን ኖሮ ምናልባት «ቅርብ ነው» አይባልም ነበር። ስካውቱም ደግመው ይናገሩ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ተናግረው ዝም ያሉት እኛ ከፋዮች ስለሆንን ነው ብዬ አስባለሁ። ከተማ ቀመስ ልጅ ገንዘብ ይዛ ስትመጣ፣ በዚያ ተራራ ዕድሜውን የጨረሰ አባት ምክር እንዴት ዝቅ እንደሚል አይቻለሁ፤ ዝቅ ያደረግኩትም እኔ ነኝ።

አምና ከሌላ ቡድን ጋር ሌላ ተራራ ሞክረን ነበር። የመመለሻ ሰዓታችን ሲደርስ ጫፉ ይታየን ነበር፤ ሰው ቢቆምበት ማን እንደሆነ ትለዩታላችሁ። መሪያችን ሰዓቷን አየችና «በቃ» አለች። ሆዴ ተቃጠለ። ልዋሽ አልፈልግም፣ እስከ ታች ድረስ አኮረፍኩ። በብርሃን ወረድን፣ ሻይ ጠጣን፣ ቤታችን ገባን። ፎቶ የለኝም። ለማንም የምነግረው ታሪክ የለኝም። ማንም ደግሞ አያነክስም።

እና ወዳጄ፣ የየረሩ፦ እመጣለሁ። ግን መጀመሪያ ሰዓቱን ላክልኝ።

ወረቀቷ የምትላከው ለእናቴ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ስሰጣት መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበቻት። «ከምሽቱ 2 ሰዓት ድረስ ካልደወልኩ እዚህ ቁጥር ላይ ደውዪ» የሚለው ጋ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«ቀድሞስ ማን ላከሽ?» አለች።

ወረቀቷን ግን ፍሪጁ ላይ ለጥፋታለች። እናንተስ፣ ለማን ነው የምትልኩት?